ላጲስ የሌለው ስምሪት

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠርቶ «ይቀመጡ» ሲለኝ ጉድ እንዳለ ገባኝ። በዚህ የአውቶቡስ ጋራዥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የስምሪት ኃላፊ ሆኜ ስሠራ እዚያ ቢሮ ውስጥ ወንበር የተጋበዝኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ተቆጥቼ ነው የወጣሁት።

«እትዬ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ስምሪት በኮምፒውተር ይሁን ብሏል» አለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማህተም እያገላበጠ። «የራሳቸውን ፕሮግራም ሊልኩልን ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎ... የጠፉ ዕቃዎች መጋዘን ይመደባሉ።»

የጠፉ ዕቃዎች መጋዘን ማለት ከጋራዡ ጀርባ ያለች መስኮት አልባ ክፍል ናት። ሰው አውቶቡስ ላይ የረሳው ጃንጥላ ሁሉ እዚያ ይከማቻል፤ የግራ እግር ብቻ የሆኑ ጫማዎች አሉ፤ ባለቤቱን ሰባት ዓመት የጠበቀ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ። አርባ ሾፌር የማሰማራ ሴት ጥርስ ልጠብቅ? ደሜ ፈላ።

ስምሪት ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። አርባ ሾፌር፣ ዘጠኝ መስመር፣ አንድ ሳምንት። ማን በየትኛው መስመር ይውላል? ያንን የምወስነው እኔ ነኝ፤ በየዓርቡ፣ ጠረጴዛ በሚያክል ወረቀት ላይ፣ በእርሳስና በላጲስ። እርሳሷ ከጆሮዬ ላይ ስለማትወርድ ሾፌሮቹ እትዬ እርሳስ ይሉኛል። የማላውቅ ይመስላቸዋል። በሥራዬ ላይ የነበረኝ ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወረቀቱ። በየሳምንቱ አዲስ ወረቀት አወጣለሁ፣ በየሳምንቱ ያው አንድ ቦታ ላይ ይሳሳና ይቀደዳል። «ርካሽ ወረቀት እየገዛህ!» እያልኩ ዕቃ ገዢውን ስንት ጊዜ አሳቅቄዋለሁ።

«እኔ ራሴ በኮምፒውተር ብሠራውስ?» አልኩ። አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተርን በሚመለከት የነበረኝ ልምድ አቧራውን መወልወል ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። ልጅ እግር ነው፣ ግን ክፉ አይደለም። ትንሽ አሰበና አንድ ሐሳብ አመጣ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚውለውን ስምሪት ዛሬውኑ በእጄ ሠርቼ፣ በፖስታ አሽጌ እሰጠዋለሁ። እሱ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል። ቀኑ ሲደርስ የኮምፒውተሩ ስምሪት በሾፌሮቹ ፊት ከወረቀቱ ጋር ይነጻጸራል።

«ሾፌሮቹ በእርስዎ ስምሪት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጣልተው አያውቁም» አለ። «ማሽኑ የእርስዎን ጭንቅላት ከደገመ ለዋናው መሥሪያ ቤት የምከራከርበት አገኛለሁ። አንድም ልዩነት ግን እንዳይኖር። ልዩነት ካለ መጋዘን ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስምሪቱን ሠራሁ። ወረቀቱ እንደ ልማዱ ያችው ቦታ ላይ ተቀደደ። በፕላስተር ለጥፌ፣ አሽጌ ሰጠሁት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እንደ ወትሮው ሳሎን ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሬዲዮ ይሰማል። እሱም የዚያው ጋራዥ ሾፌር ነው፤ የሾፌር ቁጥሩ ሠላሳ አንድ። አራት ወንበርና አንድ ሶፋ እያለን ወለል ላይ መተኛት ካመጣ ቆይቷል። ስቆጣው «ድምፁ ከታች ይጠራል» ይለኛል። በላዩ ተሻግሬ አልፌ የሆነውን ነገርኩት።

«ትችዪዋለሽ አለቃ» አለ ጣሪያውን እያየ። ቤት ውስጥ አለቃ ነው የሚለኝ።

ኮምፒውተሩን የምታውቀው የእህቴ ልጅ ናት። ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ የምትከራየው ቤት እስኪታደስ እኛ ጋ አርፋለች። ጉዳዩን ስነግራት ዓይኗ በራ።

«ፋንክሽናል የሚባለውን አጻጻፍ ነው የማስተምርሽ አክስቴ። ለአንቺ ይስማማል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሁሉ ነገር የሚሠራው በፋንክሽን ነው። ለፋንክሽን አንድ ነገር ትሰጪዋለሽ፣ አንድ ነገር ይመልስልሻል። ያንኑ ደግመሽ ከሰጠሽው ያንኑ ነው የሚመልስልሽ፤ ዛሬም፣ የዛሬ ዓመትም። የሰው ፊት አያይም። ትናንት ምን እንደሆነ አያስታውስም። ቂም የለውም።»

«እንዲህ ያለ ፍጡር እኛ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ አያውቅም» አልኳት።

ከሥራ መልስ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ጥቁር መስኮት ከፈተችልኝና ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት አሳየችኝ። ይሄ ኢንተርፕሬተር ይባላል አለች፤ የምትጽፊለትን እዚያው ተቀብሎ እዚያው ይመልስልሻል፣ በይ አናግሪው። ሰው ሲያስተዋውቁኝ እንደማደርገው ሰላምታ አቀረብኩ፤ «እንደምን ዋልክ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው በቀይ አንድ ነገር ተፋ።

«ምን አለ?»

«'እንደምን የሚባል ነገር አላውቅም' ነው የሚልሽ።»

«ስድ!» አልኩ። ምናልባት አንተ በማለቴ ተቀይሞ ይሆናል ብዬ «እንደምን ዋሉ» ብዬ ደገምኩ። ያው። የእህቴ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስትስቅ ሬዲዮው ሳሎን ውስጥ ዝግ አለ። ባለቤቴ ለመስማት ነው።

ቁጥር ስሰጠው ግን ሌላ ሰው ሆነ። አርባ ላይ አንድ ደምር አልኩት፤ ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ አርባ አንድ አለኝ። እኔ «ያቺ አውቶቡስ መቼ ነው የምትጠገነው?» ብዬ ከመካኒኮቹ መልስ ለማግኘት ሁለት ሳምንት የምጠብቅ ሰው ነኝ። ወደድኩት። መላሹ የሚል ስም አወጣሁለት።

ያስቸገረኝ ቅንፉ ነው። በዚህ ቋንቋ ሁሉ ነገር ቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ፣ እዚያም ውስጥ ሌላ። ረጅሙን ጽሑፍ የምንጽፍበት ኤዲተር የሚባል ሌላ መስኮት ነበር፤ ቃላቱን በቀለም የሚለይ፣ ስትሳሳት ከሥር በቀይ የሚያሰምር። ይሄ ኤዲተር ቅንፍ ስትከፍት ራሱ ይዘጋልሃል። እኔ ደግሞ የከፈትኩትን ሳልዘጋ መሄድ ነውር መስሎኝ በራሴም እዘጋለሁ። አንድ ተከፍቶ ሁለት ይዘጋል፣ ገጹ በቀይ ይጥለቀለቃል።

«አክስቴ፣ አትዝጊ! እሱ ይዘጋል።»

«በሩን የሚዘጋው ሾፌሩ ነው እንጂ ተሳፋሪው አይደለም በዪኛ!» አልኳት። እንደዚያ ሳስበው ገባኝ፤ ሁለተኛም አልነካሁትም።

ከዚያ የላጲሱ ጣጣ መጣ። የአርባውን ሾፌር ቁጥር በዝርዝር አስገብቼ ነበር። ፈቃድ የወጣውን ሰባት ቁጥርን አስወጣ አልኩት፤ ሠላሳ ዘጠኝ አድርጎ አሳየኝ። ደስ ብሎኝ ዝርዝሩን ደግሜ ስጠይቀው ሰባት ቁጥር እዚያው ቁጭ ብሏል። እንደገና አስወጣሁት። እንደገና አለ። አምስት ጊዜ ያህል ካባረርኩት በኋላ ጮህኩ።

«ይሄ ሰውዬ ፈቃድ ላይ ነው አልኩህ እኮ!»

«አላስወጣሽውም» አለች የእህቴ ልጅ በትዕግሥት። «እሱ የሌለበት ሌላ ዝርዝር ነው የሠራሽው። የመጀመሪያው አይነካም። እዚህ ቋንቋ ውስጥ የተጻፈ ነገር አይጠፋም፤ ከእሱ አዲስ ነገር ትሠሪያለሽ እንጂ።»

«ላጲስ የለውም?»

«የለውም።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ሥራዬ ግማሹ እርሳስ ከሆነ ግማሹ ላጲስ ነው። ጽፎ ማጥፋት የሌለበት ስምሪት ምን ዓይነት ስምሪት ነው? በሦስተኛው ቀን የጋራዡ ጥበቃ ጃንጥላ ሊያስረክብ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ አየሁትና ያን ቀን ከሰዓት ኩርፊያዬን ትቼ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ፣ መቼም ራስን ማመስገን አይሁንብኝና፣ እሳት ላስኩ። የእህቴ ልጅ የዘዴው ሁሉ መጨረሻ ትንንሽ ፋንክሽን ሠርቶ አንዱ የመለሰውን ለሌላው ማቀበል ነው አለችኝ፤ የመጀመሪያው ፈቃድ ላይ ያሉትን ያጣራል፣ የቀሩትን ለሚቀጥለው ያቀብላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። ለእያንዳንዱም በገዛ ፊደሌ ስም አወጣሁለት። አንዱን ጽፌ አንድ ቁልፍ ስነካ ከኤዲተሩ ሳልወጣ ለመላሹ ይላክና መልሱ እዚያው ጎኑ ላይ ይመጣል። ካልጣመኝ አስተካክዬ ደግሜ እልካለሁ።

የከበደው መጻፉ ሳይሆን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ማውጣት ነው። ለምሳሌ «ቀስ በቀስ» የምንለው ሾፌር አለን፤ የሾፌሮች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ሲነዳም ሲያወራም አይቸኩልም። እሱን ጠዋት በሁለት ቁጥር መስመር አልመድበውም፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ያረፍዳሉ። ስምንት ቁጥርና ሃያ ሁለት ቁጥር ደግሞ የተኳረፉ ዋርሳዎች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው አውቶቡስ እንዲያስረክብ ካደረግኩ «ፍሬኑ ላልቷል» ብሎ እንኳ አይነግረውም። ይሄን ሁሉ ማን ጽፎት ያውቃል?

«መላሹ ይሄን እንዴት አያውቅም?» እላለሁ።

«ቅንፍ ውስጥ አስገብተሽ ያልሰጠሽውን ነገር ፋንክሽን አያውቅም አክስቴ። በሆድሽ የያዝሽው ለእሱ የለም።»

ስለዚህ አንድ በአንድ ጻፍኩት። የመስመሮቹንም ጠባይ ጻፍኩ። አራት ቁጥር የወንዙን ዳር ይዞ የሚሄድ ሜዳ ነው፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፣ እዚያ የሚነዳ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ይዝናናል ይባላል። ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ እስከ ድንጋይ ካባው ድረስ ኮብልስቶን የተነጠፈ ዳገት ነው፤ አውቶቡሷ አሮጌ፣ ፍሪሲዮኗ በሁለት እግር ካልረገጧት የማትታዘዝ። ዘጠኝ ቁጥር በየሳምንቱ አራት ሾፌር በተራ ይወጣበታል። በመጨረሻ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ከክሊኒኩ የመጣ ፋይል ላከችልን፤ ሐኪም ዳገት የከለከላቸው ሾፌሮች ቁጥር ነው። እኔ በወረቀት ስሠራ ይህን ፋይል ተጠቅሜበት አላውቅም፤ የታመመ ሰው መጥቶ ይነግረኛል። የእህቴ ልጅ ግን «ዳታ ነው፣ ይግባ» ብላ አስገባችው፤ እነሱን ከዳገት የሚያወርድ ፋንክሽንም መጨረሻ ላይ ቀጠልንበት።

በአምስተኛው ሳምንት ያለፈውን ሳምንት ስምሪት ሥራ አልኩትና ከተለጠፈው ወረቀቴ ጋር አስተያየሁት። ሠላሳ ስምንቱ ሾፌር ቁልጭ ብሎ ገጠመ! ከወንበሬ ተነስቼ እስክስታ ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ሁለቱ ግን አልገጠሙም። እኔ ዘጠኝ ቁጥር ላይ የመደብኩትን ሰው ማሽኑ አራት ቁጥር ላይ አድርጎታል፤ በእሱ ፋንታ ዳገቱን ለአሥራ ሁለት ቁጥር ሰጥቶታል። አሥራ ሁለት ቁጥር ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ጎረምሳ ነው።

አራት ቁጥር ላይ የተንደላቀቀው ሠላሳ አንድ ነው። ባሌ።

«ተበላሽቷል» አልኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ስህተቱን ፈለግኩ። ሥራ ከመሄዴ በፊት ጠየቅኩት፤ ሠላሳ አንድ የት ነው? አራት አለ። በምሳ ሰዓት መጥቼ ጠየቅኩት። አራት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ አብርቼ፣ ስክሪኑን ወልውዬ ጠየቅኩት። አራት። አንዴም በቁጣ ቁልፉን ደብድቤ ጠየቅኩት፤ ድምፁን ሳይቀይር አራት አለ።

«አክስቴ» አለች የእህቴ ልጅ፤ «ስህተቱን እሱ ጋ አትፈልጊው። ሠላሳ አንድን ዘጠኝ ላይ የምታደርጊው በምን ሕግ ነው?»

«በምንም ሕግ። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ የሚባል ፋንክሽን የለም።»

እርሳሴን ከጆሮዬ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ ነገርኳት። የስምሪት ኃላፊ ሆኜ የተሾምኩ ሳምንት ቧንቧው ጋ ሁለት ሾፌሮች ሲያወሩ ሰማሁ። «ከእንግዲህ ባሏ ወንዝ ዳር ቦርጩን ያወጣታል» ይላሉ። ያን ዓርብ ባሌን ዘጠኝ ቁጥር ላይ መደብኩት። በሚቀጥለውም ዓርብ። ሌላው ሰው ዳገቱን በተራ ሲወጣው እሱ በየሳምንቱ እዚያው ነው። አዳላች እንዳይሉኝ። ስምሪቱን መጀመሪያ በተራው እጽፈዋለሁ፤ የእሱ ተራ አራት ላይ፣ ሦስት ላይ፣ የትም ይወድቅ፣ ያንን በላጲስ አጥፍቼ ዘጠኝ እለዋለሁ። ጠንክሬ ነው የማጠፋው። ወረቀቱ የሚሳሳው እዚያ ጋ ነው። ለእሷ ስነግራት ነው እኔም ያወቅኩት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት?» አለች።

«አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሎት አያውቅም» አልኩ ቶሎ ብዬ።

የእህቴ ልጅ ምንም አልፈረደችብኝም። ኤዲተሩን ወደ እኔ አዞረችው። «እንግዲህ ሕግሽ ከሆነ ጻፊዋ።»

ጻፍኳት። ስሟን ባሌ-ከሆነ-ዘጠኝ አልኳት። ኤዲተሩም እንደሌሎቹ ሁሉ በሚያምር ሰማያዊ ቀለም ቀባልኝ። አየኋት። ጭንቅላቴ ውስጥ ሳለች ጨዋነት ትመስለኝ ነበር፤ ስክሪን ላይ ስትወጣ አስቀየመችኝ። ነገር ግን የግራ እግር ጫማዎቹ ትዝ አሉኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቁልፉን ነካሁ።

ሠላሳ አንድ፣ አራት።

«ይሄ ነገር ባሌን ወዶታል!» ብዬ ጮህኩ።

«ደረጃ በደረጃ እንየው» አለች እሷ። ከላይ ጀምረን እያንዳንዱን ፋንክሽን ብቻውን ለመላሹ መላክ ጀመርን፤ እያንዳንዱ ምን ተቀብሎ ምን እንዳቀበለ ለማየት። ፈቃድ የሚያጣራው ደህና ነው። ተራ የሚያወጣው ደህና ነው። ዋርሳዎቹን የሚለየው ደህና ነው። የእኔዋ አዲሲቱም ሥራዋን ሠርታለች፤ ሠላሳ አንድን ወስዳ ዘጠኝ ላይ ጥላዋለች። የመጨረሻው፣ የክሊኒኩ፣ ነው ከዳገቱ ላይ አንስቶ አራት ላይ የሚያስቀምጠው።

«ይሄ ምን አገባው?» አልኩ።

«ዝርዝሩን ጠይቂው።»

የዝርዝሩን ስም ጽፌ ላክሁ። አምስት ቁጥሮች መጡ። አምስት፤ ጉልበቱን ነው፣ አውቃለሁ። አሥራ አራት፤ ልቡን ነው። አሥራ ዘጠኝና ሃያ ሰባት፤ ወገብ፣ ሁለቱም ቢሮዬ መጥተው ነግረውኛል። አምስተኛው ሠላሳ አንድ ነው።

ደግሜ ጠየቅኩት። በዚያ ሁሉ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ መልስ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ያንኑ አለ።

የእህቴ ልጅ ፋይሉን ከፍታ በዝግታ አነበበችው። «ወገብ። ዳገትና ከባድ ፍሪሲዮን የተከለከለ። ከስድስት ዓመት በፊት ነው የተጻፈው አክስቴ።»

ቅዳሜ ነበር፣ ምሳ ሰዓት አካባቢ። ሳሎን ገባሁ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተንጋሏል፣ ሬዲዮው ጆሮው ሥር ነው። ስድስት ዓመት በላዩ እየተሻገርኩ ሳልፍ አንድ ቀን ቆሜ አላየሁትም ነበር። ሁለቱም ጉልበቶቹ ታጥፈዋል፣ ወገቡ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አለ። ጫማዬን አውልቄ አጠገቡ ተኛሁ። እሱ ዞር ብሎ አየኝ፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ ደንግጦ አላየኝም።

ሬዲዮውን ትንሽ አዳመጥኩ።

«ድምፁ ከታች አይጠራም» አልኩ።

ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ። «አይጠራም» አለ።

«ስድስት ዓመት! ለሐኪም ነግረህ ለእኔ?»

«ላንቺ ብነግርሽ ከዘጠኝ ታወርጂኛለሽ። ካወረድሽኝ ደግሞ 'አዳላችለት' ይሉሻል። ስንት ለፍተሽ ያመጣሽውን ስም እኔ ላበላሸው?»

አለቀስኩ፤ ተናደድኩም፤ የትኛው በምን ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔ ስሜ እንዳይነሳ እሱን ዳገት አወጣሁት። እሱ ስሜ እንዳይነሳ ዳገቱን ዝም ብሎ ወጣው። አንድ አልጋ የሚጋሩ ሁለት ጅሎች። ስንነሳ ግን እኔን ማንሳት ነበረበት፤ ወለል ላይ መተኛት ልምድ ላለው ሰው ነው።

ወጥ ቤት ስመለስ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። «ፖስታው ውስጥ ሠላሳ አንድ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ዘጠኝ ላይ።»

«እንዲገጥም ከፈለግሽ ባሌ-ከሆነ-ዘጠኝን ከክሊኒኩ ፋንክሽን በታች ማውረድ ነው። የመጨረሻው ቃል የእሷ ይሆናል። ሁለት ቁልፍ ነው አክስቴ። እኔ ምንም አልልሽም።»

ሁለት ቁልፍ። ቢሮዬ፣ ጠረጴዛዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ከሳሎን ሬዲዮው ይሰማል። ባሌ-ከሆነ-ዘጠኝ የምትለዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቀለምኳትና ደመሰስኳት። ቋንቋው ላጲስ ባይኖረውም ኤዲተሩ አለው።

ዓርብ ከሰዓት ሾፌሮቹ ተራ የሚጠብቁበት አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ሥራ አስኪያጁ ፖስታውን በሁሉም ፊት ቀደደ። ሊቀመንበሩ «ቀስ በቀስ» የኮምፒውተሩን ወረቀት ይዞ ያነባል፣ ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ወረቀት ጋር እያስተያየ «ልክ» ይላል። እንደ ስሙ ስለሚያነብ ነፍሴ ወጥታ ልታልቅ ነው። አንድ ቁጥር፣ ልክ። ሁለት ቁጥር፣ ልክ። አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ሥራ አስኪያጁ «ልክ» ሳይል ምልክት አደረገ፣ ቀጠለ። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳው፤ ፕላስተር የተለጠፈባት ቦታ ናት።

«ልዩነት አለ እትዬ» አለ፤ ከልቡ አዝኖ። «ወረቀቱ ዘጠኝ ይላል፣ ማሽኑ አራት።»

ተነሳሁ። «ማሽኑ ልክ ነው። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው» አልኩ። «ሐኪም ዳገት የከለከለውን ሰው ስድስት ዓመት ዳገት ላይ አውዬዋለሁ። ሳይታመምም በፊት አሥራ ሦስት ዓመት ያለ ተራው አውጥቼዋለሁ። አዳላች እንዳትሉኝ ነው። ባለቤቴን በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ለዚህ ነው እንዴ?» አለ በመጨረሻ።

«ለምን መስሏችሁ ነበር?»

«እኛማ... ጥፋት አጥፍቶ የቀጣሽው ነበር የመሰለን። ግማሻችን የጋብቻ ቀናችሁን ረስቶ ነው እንላለን፣ ግማሻችን ደግሞ እናትሽን ሰድቦ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከራክረንበታል። 'ምን ቢያደርጋት ነው?' እያልን ለአዲስ ሾፌር ሁሉ እንደ ማስጠንቀቂያ እንነግራለን።»

ባለቤቴ ከኋላ ብድግ አለ። «እኔ ማንንም አልሰደብኩም!» አለ ፊቱ ቀልቶ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሥራ ሁለት ቁጥር እጁን አወጣና «ዘጠኝ የኔ ተራ ነው ማለት ነው?» አለ። ተራው መሆኑን ነገርኩት። «ተራዬ ከሆነ ችግር የለም» ብሎ ደረቱን ነፋ።

ሳቁ ሲበርድ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ወረቀቶች አጣጥፎ ያዘ። «ውላችን ልዩነት እንዳይኖር ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። የመጋዘኑን ቁልፍ ይስጡኝ። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ያ የክሊኒክ ፋይል ስድስት ዓመት እኔ ወረቀት ላይ አልነበረም፣ የእርስዎ ቢሮ ካቢኔት ውስጥ ነበር። ሁላችንም ስናልፈው ያነበበው ይሄ ማሽን ብቻ ነው።»

ጆሮው ቀላ። ሰኞ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ፤ ጸሐፊዋ አሳይታኛለች። ሁለት ልዩነት ተገኝቷል፣ ሁለቱም የወረቀቱ ስህተት ናቸው፣ ስለዚህ የወረቀቱ ስምሪት ቀርቶ የራሳችን ፕሮግራም ከኃላፊዋ ጋር ይቀጥል ይላል። ለአንድ ዓመት ፈቀዱልን። የመጋዘኑ ቁልፍ ግን አልቀረልኝም፤ «እስከዚያው ደርበው ይያዙት» ተባልኩ። ላጲሴን ወስጄ ሰው ሠራሽ ጥርሱ አጠገብ አስቀመጥኳት።

አሁንም በየዓርቡ ስምሪቱን ከማውጣቴ በፊት መላሹን አንዴ እጠይቀዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዳገት ላይ አለ? የለም ይለኛል። ደግሜ እጠይቀዋለሁ። የለም። አይሰለቸውም፣ እኔንም አይሰለቸኝም።

ከዳገቱ በወረደ በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስገባ ባለቤቴን ወለሉ ላይ አጣሁት። ዞር ስል ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ቀጥ ብሎ፣ እግሩን አነባብሮ። ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አድርጎታል።

«ከላይም ይሰማል ለካ» አለኝ።